በዋሽንግተን አካባቢ የብናኝ አለርጂን በማዕድ ስለማርገብ

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ የብዙ ወገኖቻችን ዓይን ይቀላል፣ አፍንጫቸውም ይታፈናል። ሰውነት የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚለቅ ነው። ምግብ ይህን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም፤ ነገር ግን ሊያባብሰው ወይም በመጠኑ ሊያለዝበው ይችላል።

አስቀድመው የማይስማማዎትን ብናኝ ይለዩ። ሕመሙ በኤፕሪል የሚበረታ ከሆነ የዛፍ፣ በጁን ከሆነ የሣር፣ ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ከሆነ ደግሞ ራግዊድ የተባለው አረም ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ማወቅ ለማዕድም ይጠቅማል፤ የበርች ዛፍ ብናኝ የማይስማማው ሰው ጥሬ ፖም፣ ኮክ ወይም ካሮት ሲበላ፣ የእነዚህ ፕሮቲን ከብናኙ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከንፈሩንና አፉን ሊያሳክከው ይችላል። ሙቀት ፕሮቲኑን ስለሚያፈርሰው ያው ካሮት በአልጫ ውስጥ ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ራግዊድ የሚያስቸግረው ሰው ከካሞማይል ሻይ ይጠንቀቅ። ምግብ በልተው ጉሮሮዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ።

ዐቢይ ጾም ብዙውን ጊዜ ከዛፎቹ ማበቢያ ጋር ስለሚገጥም የጾሙን ማዕድ መጠቀም ይቻላል። ቀይ ሽንኩርትና ሽፈራው ኬርሴቲን አላቸው፤ ይህ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ የሂስታሚንን መለቀቅ ሲገታ ታይቷል፣ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና ጥቂት ነው። ጥቁር አዝሙድም በአነስተኛ ጥናቶች የአፍንጫን ሕመም ሲያቀል ታይቷል፤ የስኳርና የደም ግፊት መጠንን ሊቀንስ ስለሚችል ግን ለእነዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዘይቱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ቫይታሚን ሲ የሚወስድ አዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም አይለፍ። ጠጅና ወይን አፍንጫን ይበልጥ ስለሚያፍኑ በእነዚህ ሳምንታት ቢቀሩ መልካም ነው።

ስለ ማር ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። የአካባቢ ማር አለርጂን ያድናል የሚለው እምነት ሰፊ ነው፤ ንቦች የሚሰበስቡት ግን በአብዛኛው ከባዱንና የሚጣበቀውን የአበባ ብናኝ ሲሆን፣ እኛን የሚያሳምመን ነፋስ የሚያንሳፍፈው የዛፍና የሣር ብናኝ ነው። ማር የተቆጣ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

ከሰፕሊመንት ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ቢያንስ 1 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። አስም ያለበት ሰው ደግሞ በእነዚህ ተማምኖ የታዘዘለትን ኢንሄለር እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።