የላንጆ ኑድል ስታዙ ውፍረቱን ምረጡ

ለንግድም ሆነ ለትምህርት ቻይና የምትሄዱ፣ የላንጆ የበሬ ሥጋ ኑድል ቤት ማየታችሁ አይቀርም። ላንጆ የጋንሱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ምግቡ ግን አገሩን አዳርሷል። ሊጡ እዚያው ዓይናችሁ እያየ በእጅ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይሳባል። ከዚያ ወደ ፈላ ውሃ ይገባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውፍረቱን የሚመርጠው በላተኛው መሆኑን ነው። "ማኦሺ" እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። "ሺ" ቀጭን፣ "አርሺ" ትንሽ ወፈር ያለ፣ "ዳኩዋን" ደግሞ እንደ ቀበቶ ሰፊ። ቀጭኑ ያምራል፤ ግን ትኩስ መረቅ ውስጥ ቶሎ ይልፈሰፈሳል። እኛ ደግሞ እያወራን ነው የምንበላው! ስለዚህ "አርሺ" በሉ። እስከ መጨረሻው ጉርሻ አይሟሟም፤ ጥርስ ላይም ደስ ይላል።

ላንጆ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ገንዘብ ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ማብሰያው መስኮት ሂዱ። ውፍረቱን የምትናገሩት እዚያ ነው። በጠዋት ሂዱ፤ ለከተማው ሰው ቁርሱ ነው።

መረቁን ቅመሱና ነው ኮምጣጤ የምትጨምሩት። ቀዩ የበርበሬ ዘይት አያስፈራችሁ፣ ሚጥሚጣ ለለመደ ምላስ ቀላል ነው።

ብዙዎቹ ቤቶች ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ናቸው። የሐላል ምልክት ካለ የአሳማ ነገር አይገባም። ለጿሚ ግን አይሆንም። ሥጋውን አውጡልኝ ብትሉም መረቁ ራሱ የበሬ አጥንት ተቀቅሎ የተሠራ ነው።