ከኮክፒት ወደ ቢሮ ሲመድቡህ፦ መመለሻህን እንዴት ታዘጋጃለህ?

የአየር ኃይል አብራሪ የሆነው የወንድሜ ልጅ ማታ ከቢሾፍቱ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ከበረራ አወረዱኝ» አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ይመስላል። ደብዳቤውን አንብብልኝ አልኩት። ለሁለት ዓመት ሥልጠና ክፍል ውስጥ ቢሮ ሥራ ነው። «ማን አወረደህ? መደቡህ እንጂ!» አልኩት።

እኔ ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ ከመግባቴ በፊት ሄሊኮፕተር አበርር ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮ ተመድቤያለሁ። የመጀመሪያውን በኩርፊያ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ተጠቀምኩበት። ለልጁ በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዓመታትህን አንድ ወረቀት ላይ ዘርጋ

ከደብተር አንድ ሉክ ገንጥል። በግራ በኩል ከዘንድሮ እስከ ጡረታህ ዓመቶቹን ጻፍ። ከጎኑ ዕድሜህን፣ የምትጠብቀውን ማዕረግ፣ ያለብህን የአገልግሎት ግዴታ አስቀምጥ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓመት «በረራ» ወይም «ቢሮ» በል። በእርሳስ ይሁን፣ መቀየሩ አይቀርም። ሠርግና ልጅም ወረቀቱ ላይ ይግቡ። ሚስትህ ሳታየው የተሠራ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ፈልግ፦ ቢሮው የሚመጣው መቼ ነው? ገና ረዳት አብራሪ ሳለህ ከመጣ እጅህ ሳይጸና ትቀዘቅዛለህ። በራስህ ኃላፊነት ማብረር ከጀመርክ፣ ቢቻል ደግሞ አስተማሪ ከሆንክ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ያኔ ስትመለስ የምትመለስበት ነገር አለህ። በእርግጥ ወታደር ነህ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ትሄዳለህ። ግን አለቃህ ምን እንደምትፈልግ ከወዲሁ ካላወቀ በክፍት ቦታው ላይ ይሰካሃል። ደብዳቤው ሳይወጣ አነጋግረው፤ ከወጣ በኋላ አቤቱታ ነው የሚሆነው።

አሜሪካኖች ይህንን በቁጥር አስረውታል። ለዓመታት በሠሩበት ደንብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት 8ቱን በበረራ ምድብ ያሳለፈ መኮንን፣ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም የበረራ ክፍያው ይቀጥልለታል። እኔ የወደድኩት ገንዘቡን ሳይሆን ቆጠራውን ነው።

የትኛውን ወንበር ትጠይቃለህ?

አውሮፕላን የሚሸተውን። የበረራ ደህንነት፣ ሥልጠና፣ ዘመቻ ዕቅድ፣ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆነህ በረራ የምትለማመድበት መሣሪያ)። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የበረራ ደህንነትን አስቀድማለሁ። የሌላውን ሰው ስህተት ሪፖርት ቁጭ ብለህ ስታነብ፣ «እኔም እኮ ይህን ሠርቻለሁ፣ ዕድሌ ሆኖ ተረፍኩ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ስታፍ ኮሌጅ፣ መኮንኖች ለአዛዥነት የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ከተገኘ ደግሞ አታመንታ፤ አዛዥ መሆን የሚያምርህ ከሆነ በዚያ በር ማለፍህ አይቀርም።

ከመውጣትህ በፊት

እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ሎግ ቡኬን፣ የበረራ ሰዓቴ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ ቢሮው ተዛውሯል፣ ደብተሩ የለም። ሁለት ክረምት ያበረርኩት ሰዓት ወረቀት አጣ። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፤ ቅጂ አልነበረኝም።

ስለዚህ ከስኳድሮኑ፣ ከበረራ ክፍልህ ማለቴ ነው፣ ሳትወጣ ሰዓትህን አስደምር። በአዛዥነት ያበረርከው፣ ከአስተማሪ ጋር የበረርከው፣ የሌሊቱ፣ ውጭ ሳይታይ በኮክፒት መለኪያዎች ብቻ የተበረረው ለየብቻ ይደመር። ይፈረም፣ ማኅተም ይረፍበት። ቅጂ መያዝ ግን በፈቃድ ይሁን። የተልዕኮ ዝርዝር ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መላክ ሌላ ጣጣ ነው። የመጨረሻው የብቃት ፈተናህና የሕክምና ምርመራህ ቀንም ይመዝገብ።

ወንበሩ ላይ ሳለህ

የወሎ ደጋ ገበሬ በልግም መኸርም ያርሳል። በልጉ ቢቀርበት ለመኸሩ ይሰናዳል እንጂ በሬውን አይሸጥም። ያንተ በሬ ጤናህና እጅህ ነው።

ጤናው ግልጽ ነው። ቢሮ ሆድ ያወጣል፣ ደም ግፊት ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ መቀመጥም አለ። እኛ አካባቢ ይህን መናገር ያስቀይማል፣ ግን እንቅልፍ የሌለው ሰው ሐኪሙ ፊት አያምርም።

እጅን ማቆየት ይከብዳል። ሲሙሌተር ካለ ሰዓት እንዲሰጡህ ጠይቅ። ከሌለ በርጩማ ይበቃል። እኔ ሳሎኔ ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት በጉልበቶቼ መሃል አቁሜ፣ ግራ እጄን ወንበሩ ጎን አድርጌ፣ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማረፍ ያለውን ድምፅ አውጥቼ እደግመው ነበር። እህቴ ቡና እያፈላች «ጋሼ ጀመረው» ትላለች። ይሳቁ። ሁለተኛው ቶና ሳይደርስ አንድ ሙሉ በረራ ጨርሼ አርፌያለሁ።

ስትመለስ

ከአስተማሪ ጋር ውጣ፣ ከአንተ ያነሰ ልጅ ቢሆንም። መጀመሪያ የሚጠፋው ማረፍና መነሳት አይደለም፤ እሱ ቶሎ ይመለሳል። የሚጠፋው ግምት ነው። ኮምቦልቻን ውሰድ። ማረፊያው 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል። ለሞተሩና ለክንፉ ከ2,700 ሜትር በላይ የወጣህ ያህል ነው፤ ከደሴ ከተማም በላይ ማለት ነው። መሬት ላይ እንደቆምክ! ያን ጊዜ ስንት ኪሎ ትጭናለህ? በየቀኑ የሚያበር ሰው አይቶ ይጠረጥራል። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው ግን የድሮ ጉብዝናውን ያምናል። ሠንጠረዡን አውጥተህ አስላ። የመጀመሪያ ሳምንትህ በማለዳ ይሁን።

ሲቪሉን በር አትርሳው

ወታደራዊ ሰዓት ብቻውን የሲቪል ፈቃድ አይሆንም። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈተና አለ። በዓለም አቀፉ መመዘኛ በአውሮፕላን ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ በመደበኛው 200 ሰዓት፣ ለአየር መንገድ አብራሪነት 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ቢያንስ ደረጃ 4 ነው፣ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። በአየር መንገድ በረራ ላይ ጣሪያው 65 ዓመት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀትህ ጥግ ላይ ጻፋቸው። ንባቡንና እንግሊዝኛውን ቢሮ ሳለህ ጨርስ፤ በረራ ላይ ጊዜ የለም።

ልጁ ባለፈው ቅዳሜ ለእረፍት መጥቶ ወረቀቱን አሳየኝ። ሁለቱን የቢሮ ዓመታት በቀይ አስምሮ፣ ከሥር የሚመለስበትን ወር ጽፏል። የሎግ ቡኩን ቅጂ እናቱ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።