ትንሽ መኪናን በጠባብ በጀት ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት መቀየር ይቻላል?

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው ሞተር በመግዛት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያገለገለ ሞተር በርካሽ አገኘሁ፣ አሸክሜ አመጣሁ፣ ከዚያ "አሁን ይሄ የትኛው መኪና ውስጥ ነው የሚገባው?" ብዬ ፈዝዤ ቀረሁ። ኪሱ ያልሞላ ሰው መነሻው እስክሪብቶና ወረቀት ነው።

በጋራዥ አፍ "ሞተር" ሁለቱንም ስለሆነ እንዳንደናገር፣ እዚህ "ሞተር" ስል የኤሌክትሪኩን ነው። የሚወጣውን "የቤንዚን ሞተር" እለዋለሁ።

1. ኪሎ ሜትሩን ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዱ ጻፉ። በግምት አይሁን፤ ከዳሽቦርዱ ላይ አንብቡ። ትንሽ መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ120 እስከ 180 ዋት ሰዓት ትበላለች። 150ን ያዙ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ባትሪን እስከ መጨረሻው መጭመቅ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ባትሪም እንደ ሰው ያረጃል። ስለዚህ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አስቡ።

ቀጥሎ መንገዱን እዩ። 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማዋ ላይ 4 ኪሎዋት ገደማ ይበቃታል። ዳገት ሲመጣ ነገር ይቀየራል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ በዚያው ፍጥነት ሌላ 10 ኪሎዋት ይጨመራል። በ72 ቮልት ባትሪ ስናሰላው፣ በየመሃሉ የሚባክነውን ጨምረን፣ ሜዳው ላይ የሚወጣው 65 አምፔር አካባቢ ነው። ዳገቱ ላይ ወደ 230 ይጠጋል። ያንኑ ዳገት በ30 ብትወጡት ግን ወደ 105 ይወርዳል። ይህቺን ስሌት ልብ በሉ፣ ባትሪ ስንገዛ እንመለስባታለን። "ቀስ ብዬ እወጣለሁ" ያለ ሰው በግማሽ ዋጋ ይገላገላል።

የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ደንቡንም አሁን ጠይቁ። መኪናዋ ከተሠራች በኋላ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ብትባል ያሳዝናል።

2. መኪናዋን ምረጡ

ቀላል፣ በማንዋል ማርሽ የምትሠራ፣ መሪዋ በእጅ ጉልበት ብቻ የሚዞር። በቃ። የቤንዚን ሞተሯ የተቃጠለ ብትሆን ደግሞ እሰየው፣ እናንተ ለምትጥሉት ዕቃ ገንዘብ አትከፍሉም። የምትፈትሹት ቦዲውን፣ ሻንሲውን፣ ካምቢዮውንና ፍሬኑን ነው። ሻንሲዋን ዝገት የበላትን መኪና በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ባትሪ ትሸከማለች እኮ።

3. ሞተሩን ፈልጉ

ለኤሌክትሪክ መኪና ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ሞተር ውድ ነው። የድሃ ሰው መፍትሔ አሮጌ ፎርክሊፍት ነው። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ በ36 ወይም በ48 ቮልት የሚሠራ፣ ካርቦን ያለው የዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሞተር አላቸው። ጠንካራ ነው፣ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ ኃይለኛ ነው፣ ሲበላሽም ማንም የሞተር ጠምጣሚ ያውቀዋል። ክብደቱ ከ45 እስከ 70 ኪሎ የሆነውን ፈልጉ።

አንድ ፎርክሊፍት ላይ ቢያንስ ሁለት ሞተር ታገኛላችሁ። አንዱ ጎማውን ይነዳል፣ ሌላው ዕቃ የሚያነሳውን የሃይድሮሊክ ፓምፕ። ጎማ የሚነዳው አንዳንዴ የፊት ክዳን የለውም፤ ከፎርክሊፍቱ ማርሽ ሳጥን ጋር አንድ ላይ ነው የተሠራው። ያኔ የፓምፑ ይሻላችኋል፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ዝግ ስለሆነ። ከፍታችሁ ካርቦኖቹን እዩ። ካርቦኑ የሚቀመጥበት መዳብ ለስላሳና ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከተቃጠለ፣ ከተቦረቦረ ተዉት።

48 ቮልት የተጻፈበትን በ72 መንዳት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ቮልት የሚጨምረው ፍጥነቱን ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠው አምፔር ነው። ሞተሩን የሚገድለው ሙቀትና ካርቦኑ ጋ የሚፈጠር ብልጭታ ስለሆነ ሁለቱን ተከታተሉ።

ስትሞክሩት በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ በገመድ እሰሩት፣ ሲነሳ ይዘላል። ይህ ዓይነት ሞተር ሸክም ሳይኖረው ሙሉ ቮልት ካገኘ ፍጥነቱ ማቆሚያ የለውም፤ ራሱን እስኪበታትን ይዞራል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም።

4. አውጡና ሽጡ

የቤንዚን ሞተሩን ከማውጣታችሁ በፊት ወደየት አቅጣጫ እንደሚዞር ጻፉ። መኪናዋን አራቱም ጎማ ላይ መዝኑ፣ ያንንም ጻፉ። ከዚያ የቤንዚን ሞተሩ፣ ራዲያተሩ፣ ማርሚታው፣ የነዳጅ ታንኩ ሁሉ ይውጣ። ቆሻሻውን ጠርጋችሁ ሽጡት። የሚሠራ ዲናሞና ሞተሪኖ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ የኬብሉን ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

5. ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር አጋጥሙ

የሥራው ወገብ ይህ ነው። ካምቢዮው እዚያው ይቀራል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ይገባል፣ የሁለቱ ዘንጎች ደግሞ በማገናኛ ይያያዛሉ። የሳህኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ራሳችሁ አውጡ፤ ካምቢዮው ፊት ላይ ለጥፋችሁ የብሎን ቀዳዳዎቹን በጣት ተጫኑ፣ ምልክቱ ይወጣል። ማገናኛውን ግን ለቶርኖ ባለሙያ ስጡ። ሁለቱ ዘንጎች አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ፣ ያውም የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ቢዛነፉ፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ የፍሪሲዮን ሳህኑን መሃል ቆርጦ ማገናኛው ላይ መበየድ ነው። ጥርሱ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ድሮውኑ የተስማማ ነው።

ፍሪሲዮን ይቅር ወይስ ይኑር? እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ሞተሩ ሲቆም ስለማይጠፋ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ትነሳለች፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ብቻ ነው የምትጠቀሙት። ለኋላ መሄጃም የካምቢዮው ኋላ ማርሽ ይሠራል። ማርሽ ስትቀይሩ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንስታችሁ ትንሽ መጠበቅ ነው።

የሞተሩን መዞሪያ አቅጣጫ ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ተቃራኒ ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ኤስ1 እና ኤስ2 (S1፣ S2) የተባሉትን ጫፎች አቀያይሩ።

6. ባትሪውን ወስኑ

ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ይህ ነው። ምርጫው ሁለት ነው።

የአሲድ ባትሪ መግቢያው ርካሽ ነው። አሥራ ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪ 72 ቮልት ይሰጣል። አንዱ 28 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በድምሩ 336 ኪሎ፤ አምስት ሰው ሁልጊዜ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ 225 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ቀስ ብሎ፣ በ20 ሰዓት ሲፈስስ ነው። መኪና በሚጠባበት ፍጥነት ግማሹን ብታገኙ ነው። በነገራችን ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1899 በአሲድ ባትሪ የሄደች የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ስለዚህ አይናቅም፤ ከባድ ነው እንጂ።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ደግሞ 24 ሴል በ3.2 ቮልት፣ በድምሩ 76.8 ቮልት። 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ 7.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሴሎቹ ብቻ 50 ኪሎ አካባቢ። አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሴሎች ያለማቋረጥ መስጠት የሚችሉት በመጠናቸው ልክ ነው፣ ማለትም 100 አምፔር። በ60 ዳገት ለመውጣት 230 ስለሚያስፈልግ አይበቁም፤ በ30 ለመውጣት ግን፣ ቮልቱ ከ72 ትንሽ ስለሚበልጥ 105ቱ ወደ 100 ስለሚወርድ፣ ይበቃሉ። ምርጫው የናንተ። ሴል በሴል የሚጠብቅ ቢኤምኤስ (የባትሪ መቆጣጠሪያ) ግዴታ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች አትቻርጁት።

ከአደጋ መኪና የወጣ የኒሳን ሊፍ ባትሪም ጥሩ ዕድል ነው። በመጀመሪያው ባለ 24 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 48 ሞጁል አለ፣ እያንዳንዱ 7.6 ቮልትና 3.8 ኪሎ ገደማ። እያንዳንዱን በቴስተር ሳትለኩ ገንዘብ አትስጡ።

7. ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ

ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ፤ መፍቻችሁን በፕላስተር ጠቅልሉት። ከ60 ቮልት በላይ ያለ ዲሲ አደገኛ ነው።

ፊውዙ ለዲሲና ለባትሪያችሁ ቮልት የተሠራ ይሁን። የቤት ማብሪያ ማጥፊያና የቤት ፊውዝ እዚህ አይሠራም፤ ዲሲ ሲቋረጥ የሚፈጥረው ብልጭታ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ በራሱ አይጠፋም፣ እየነደደ ይቀጥላል። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጉት። ከዚያ በመኪናዋ ቁልፍ የሚበራ ኮንታክተር (ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ)፣ ከዚያ ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ኮንትሮለር። ኮንትሮለሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ትልልቅ ካፓሲተሮች ስላሉ ኮንታክተሩ ኃይሉን ከማገናኘቱ በፊት በሬዚስታንስ (ፍሰቱን በሚገታ ዕቃ) በኩል ቀስ ብላችሁ ሙሏቸው። አለበለዚያ የኮንታክተሩ ምላሶች ይጣበቃሉ። ካጠፋችሁም በኋላ እንደተሞሉ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሳትለኩ አትንኩ።

ኮንትሮለር ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ኃይል እንደለቀቀ ነው የሚቀረው። መኪናዋ እግራችሁን ብታነሱም ትሮጣለች። ስለዚህ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ በእጅ ስባችሁ የምትቆርጡበት ማቋረጫ ይኑር። ፍሪሲዮኑ ይኑር ካላችሁ ደግሞ በዚያች ሰዓት እንዳትረግጡት፣ ሞተሩ ሸክሙን ያጣል። ፍሬን ያዙና ቁረጡ።

ዋናው ኬብል 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጫፎቹ በማሽን ይጨመቁ። በመዶሻ የተጠፈጠፈ ጫፍ ሲግል አይቻለሁ፣ ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል። የባትሪው ምንም ጫፍ ሻንሲውን አይንካ። የአሲድ ባትሪ ሲቻርጅ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ ሳጥኑ አየር ያግኝ።

8. የሚረሱት

የቤንዚን ሞተሩ ሲወጣ የፍሬን ሰርቮው ቫኩም አብሮ ይሄዳል። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫኩም ፓምፕ ግጠሙ። ዲናሞም ስለሌለ መብራቱንና ጡሩምባውን የሚመግብ፣ ከ72 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። መኪናዋን እንደገና መዝኑ። አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ካለፈች ባትሪ ቀንሱ። የኋላ ሞላ ማጠንከር ብቻውን ፍሬኑን አያጠነክረውም።

9. የመጀመሪያው ጉዞ

ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች በክሪክ አንሱ፣ መቆሚያ አስገቡ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ መስጫውን በጣም በቀስታ ንኩ። አቅጣጫውን እዩ፣ ድምፁን ስሙ። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ ንዱና ቁሙ። ኃይሉን ቁረጡ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ጋ እጃችሁን አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ከሞቀ ብሎኑ ልል ነው። አጥብቁና ድገሙት። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላም ሁሉንም ብሎን አንድ በአንድ እንደገና አጥብቁ፣ የሚላላ አይጠፋም።