ላ ፓልማ ለምትሄዱ፦ መጀመሪያ ጨረቃዋን እዩ

ከስፔን ካናሪ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ላ ፓልማ ለዕረፍትና ኮከብ ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨረቃ የማትኖርበትን ሳምንት ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሕግ የውጭ መብራትን ስለሚቆጣጠር ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ግን ፍኖተ ሐሊብ ይደበዝዛል።

በደሴቷ ተራራ ላይ ያለው የሮኬ ዴ ሎስ ሙቻቾስ የሕዋ መመልከቻ ጣቢያ ቴሌስኮፖች የሚጎበኙት በቀን ነውና ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። በዚያ ያለውን ግዙፍ ቴሌስኮፕ፣ የግራን ቴሌስኮፒዮ ካናሪያስን መስታወት የማየት ዕድል ከተገኘ እንዳያመልጣችሁ! 36 ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጮች ተገጣጥመው 10.4 ሜትር ስፋት ይሰጡታል።

ታች ደመና ስላያችሁ ጉዞውን አትሰርዙ። ቦታው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከደመናው በላይ ነው፤ ይበርዳልም፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ። ሌሊት ኮከብ ስታዩ ስልካችሁን አጥፉ፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል።