አሮጌ የጃፓን ቤዝ ጊታር እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይገመታል?

ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ የተረፈ የጃፓን ቤዝ ጊታር ሲገኝ ሁሉም ቀድሞ የሚያየው በአንገቱ ጫፍ ባለው የጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈውን ስም ነው፤ በመጨረሻ መታየት የነበረበት ግን እሱው ነው። በዚያን ዘመን በጃፓን ጊታር የሚሠሩ ዋና ዋና ፋብሪካዎች ጥቂት ሲሆኑ ከእጃቸው በሚወጣው ሥራ ላይ የሚለጠፈው የንግድ ስም እጅግ ብዙ ነበር። በናጋኖ ክፍለ ሀገር፣ በማትሱሞቶ ከተማ በ1960 የተቋቋመው ፉጂገን ለኢባኔዝ፣ ለግሬኮ፣ ኋላም ለፌንደር ጃፓን ሠርቷል። እዚያው ከተማ የነበረውና በ1987 የተዘጋው ማትሱሞኩ የአሪያ ፕሮ ቱንና የዌስቶንን ጊታሮች ያወጣ ነበር። ያማሃና ቶካይ ደግሞ በሃማማትሱ በየራሳቸው ስም ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ስሙ የሚነግረን ሻጩ ማን እንደነበረ ነው፤ ሠሪውንና ዘመኑን ለማወቅ ዕቃውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምርመራው በሜትር ይጀምራል። በጊታሩ ራስ በኩል ክሮቹ ከሚያርፉበት ነት ተነሥቶ እስከ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጭን ብረቶች 12ኛው) ያለውን ርቀት ለክቶ በሁለት ማባዛት የክሩን ሙሉ ርዝመት ይሰጣል። ውጤቱ 86.4 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ጊታሩ ዛሬም መደበኛ በሆነው ረጅሙ ልክ የተሠራ ነው፤ 76 ሳንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን አጭሩ ዓይነት ነው። በ1960ዎቹ እንደ ቴይስኮ ባሉ አምራቾች ተሠርተው በአሜሪካ ሱቆች በተለያየ ስም የተሸጡት ቤዞች አብዛኞቹ አጭር ናቸው። መልካቸው ደስ ይላል፤ የሚያብረቀርቅ ላሜራና ብዙ ማብሪያ ማጥፊያ ይበዛባቸዋል፤ አንገታቸው ግን ብዙ ጊዜ ወፍራምና ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ከጥቂቶቹ በቀር ለመድረክ ሥራ ሳይሆን ለጌጥና ለትዝታ የሚገዙ ስለሆኑ ዋጋቸውም በዚያው መጠን ይታይ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ረጅሞቹ ነው።

የ1970ዎቹ ቤዞች አብዛኞቹ የአሜሪካኖቹን የፌንደር ጃዝ ቤዝና ፕሪሲዥን ቤዝ የቀዱ ናቸው። የቅጂው ጥራት እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ በአሥርቱ ዓመታት መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩት ብዙዎቹ ገላቸው ኮምፔርሳቶ ነው፣ ወደ መጨረሻው የተሠሩት ግን ወጥ እንጨት የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ይህን ለመለየት ቀለም መፋቅ አያስፈልግም። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ የታሰሩበት ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ሲነሣ ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ እንጨቱ እንደ እንጀራ ቁልል ተደራርቦ ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው፤ የእንጨቱ ጅማት ሳይቋረጥ እስከ ታች ከዘለቀ ወጥ ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳ ውስጥ በትንሽ ባትሪ ማየትም ይረዳል። ኮምፔርሳቶ መሆኑ ብቻውን ድምፁን መጥፎ አያደርገውም፤ ዋጋውን ግን ይቀንሳል፤ መቀነሱም ተገቢ ነው።

ቀጥሎ አንገቱ ይፈታል። ክሮቹ በደንብ ላልተው ከጀርባ ያሉት አራት ብሎኖች ሲወጡ አንገቱ ከገላው ይለያል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የጃፓን ባለ መስቀል ብሎን ጥርሱ ከተለመደው በጥቂቱ ስለሚለይ በማንኛውም ካቻቪቴ ሲታገሉት ራሱ ይበላል። በጃፓን ልክ የተሠራ ካቻቪቴ ከሌለ መስቀሉን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ መርጦ፣ ወደ ታች በኃይል ተጭኖ ቀስ ብሎ መፍታት ይሻላል፤ የተበላ ብሎን ለገዢ የሚናገረው ቀድሞ ሌላ ሰው እንደከፈተው ነው። በአንገቱ ሥር ብዙ ጊዜ በማኅተም የተመታ ቁጥር ወይም ቀን፣ አንዳንዴም በእርሳስ የተጻፈ ምልክት ይገኛል። አንገቱና የሚገባበት ጉድጓድ ያለ ክፍተት የተጣጣሙ መሆናቸውም እዚህ ይታያል።

ይህን ትምህርት የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ፣ በ1970ዎቹ አሜሪካ ተሠራ የተባለ ጃዝ ቤዝ ገዛሁ። ቤት ወስጄ በመስኮት ብርሃን ራሱን ስዳስሰው የስሙ ጠርዝ በጣቴ ተሰማኝ፤ ጽሑፉ ያረፈው ከቫርኒሹ በላይ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ቫርኒሽ ቢጫ ሆኖ ከጽሑፉ ሥር ያለው ግን ተፍቆ ነጥቷል። አንገቱን ስፈታው ማኅተሙ የጃፓን ሆኖ ተገኘ። ጊታሩ ግን ግሩም ነበር፤ አሁንም የምጫወተው በእሱ ነው። የከፈልኩት ዋጋ ብቻ ነበር የሌላ ጊታር።

ተከታታይ ቁጥሩ የሚጠቅመው አምራቹ በሥርዓት ሲጠቀምበት ነው። የኢባኔዝ ሥርዓት ከ1975 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ወሩን ያመለክታል፣ ኤ ጥር ሲሆን ኤል ታኅሣሥ ነው (ወሮቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ተከትለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ የወሩ ተራ ቁጥር። ስለዚህ ሲ ብሎ 79 የሚከተለው ጊታር የመጋቢት 1979 ሥራ ነው ማለት ነው።

የፌንደር ጃፓን ግን ወጥመድ አለበት። ፌንደር ካንዳ ሾካይና ያማኖ ጋኪ ከተባሉት የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ጋር ሆኖ ፌንደር ጃፓንን ያቋቋመው በ1982 ነው። በመጀመሪያዎቹ ጊታሮች ላይ ያለው ቁጥር ጄቪ (JV) በሚሉት የላቲን ፊደሎች ይጀምራል፤ እነዚህ ከ1982 እስከ 1984 የተሠሩ ናቸው፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚፈለጉትም እነሱ ናቸው። ኤስኪው (SQ) የ1983ና የ1984፣ ኢ (E) ደግሞ ከ1984 እስከ 1987 ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሎቹ እየተቀያየሩ ሄደው በ1997 እንደገና ከኤ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በኤ ጀምሮ ስድስት አኃዝ የሚከተለው ቁጥር የ1985–86 ጊታርም፣ የ1997–98 ጊታርም ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ነው፦ «ሜድ ኢን ጃፓን» የሚለው የፊተኛው፣ «ክራፍትድ ኢን ጃፓን» የሚለው የኋለኛው ነው። ሁለቱም «ጃፓን ተሠራ» ማለት ቢሆኑም በገበያ ላይ እኩል አይቆጠሩም፤ ይህችን አንዲት ቃል ሳያነቡ የከፈሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በመጀመሪያ ለአውሮፓ ገበያ የታሰበው ስኳየር የተባለው የንግድ ስምም የዚያው ቤት ልጅ ነው። በ1982 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስኳየሮች ራሳቸው ላይ «ፌንደር» በትልቁ ተጽፎ «ስኳየር ሲሪስ» በትንሹ ይከተላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን «ስኳየር» ትልቅ ሆነ። ሰብሳቢዎች ለፊተኛው ተጨማሪ ይከፍላሉ። ይሁንና በ1990ዎቹ ሌላ አገር ተሠርተው ተመሳሳይ አጻጻፍ የያዙ ስለነበሩ፣ ቁጥሩ በጄቪ ካልጀመረ በጽሑፉ ትልቅነት ብቻ መጓጓት አይገባም።

አሁን ከሻጮች አፍ ስለማይጠፋው «የክሱ ዘመን ጊታር» ስለሚባለው ነገር። ክስ በእርግጥ ነበር፤ የአሜሪካው ጊታር አምራች የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 በፊላደልፊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የኢባኔዝን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኤልገርን ከሰሰ፣ ጉዳዩም ሳይፈረድ በስምምነት አለቀ። ክርክሩ የነበረው ግን ስለ ጊታር ራስ ቅርጽ፣ እሱም ስለ ጊብሰን ራስ ቅርጽ ነው። ፌንደር በዚያ ክስ ውስጥ የለበትም። እንግዲህ የጃዝ ቤዝ ቅጂ ይዞ «የክሱ ዘመን ነው» በማለት ዋጋ የሚጨምር ሻጭ፣ ባያውቅ ተሳስቷል፣ ቢያውቅ ደግሞ እያታለለ ነው። እኔ ይህን ቃል በማስታወቂያ ላይ ሳይ ከዋጋው በሐሳቤ ወዲያው እቀንሳለሁ።

ከዚህ ይልቅ እውነተኛውን ደረጃ የሚናገር ነገር አለ፤ እሱም የሞዴሉ ቁጥር ነው። ግሬኮ፣ ቶካይና ፌንደር ጃፓን በብዙ ሞዴሎቻቸው ስም ውስጥ ጊታሩ አዲስ ሳለ በጃፓን ይሸጥበት የነበረውን ዋጋ አስገብተዋል። ቲጄቢ 45 የተባለው የቶካይ ቤዝ 45,000 የን ነበር፤ ጄቢ 62-75 የተባለው ፌንደር 75,000፣ ጄቢ 62-115 ደግሞ 115,000 የን። በ1982 አንድ ዶላር በአማካይ 250 የን ገደማ ስለነበረ የመጨረሻው ወደ 460 ዶላር ይጠጋል ማለት ነው። 62 የሚለው ጊታሩ የተቀዳበትን የ1962 ሞዴል እንጂ የተሠራበትን ዓመት አያመለክትም፤ ጀማሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ። በዋጋው ልዩነት ውስጥ የእንጨቱ፣ የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) እና የቀለሙ ልዩነት አለ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ባስውድ ገላ አላቸው፣ ውዶቹ አልደር ወይም አሽ። የድሮዎቹ ካታሎጎች በፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ስለሚገኙ የሞዴሉን ቁጥር ካወቁ ቀሪውን ከካታሎጉ ማመሳከር ይቻላል። ቁጥሩ ካልታወቀ በጃዝ ቤዝ ላይ የሁለቱ ፒክአፖች መሐል ለመሐል ርቀት ይረዳል፤ 9.1 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ የ1960ዎቹን፣ 10.2 ከሆነ የ1970ዎቹን ሞዴል የተከተለ ነው።

የማንም ቅጂ ያልሆኑት ደግሞ በራሳቸው ሚዛን ይመዘናሉ። በ1977 የጀመረው የያማሃ ቢቢ ተከታታይና የኢባኔዝ ሙዚሽያን ውድ ሞዴሎች፣ እንዲሁም የአሪያ ፕሮ ቱ ኤስቢ 1000 አንገታቸው በብሎን ሳይታሰር በገላው ውስጥ የሚያልፍ ባለሙያ ቤዞች ናቸው። ዱራን ዱራን የተባለው የሙዚቃ ቡድን ቤዝ ተጫዋች ጆን ቴይለር በአሪያ ኤስቢ የታወቀ ነው። እነዚህ ለረጅም ጊዜ ከጥራታቸው በታች ሲሸጡ ኖረዋል፤ በእኔ አስተያየት ለሚጫወት ሰው አሁንም ከሁሉም የተሻለ ግዢ እነሱ ናቸው። ድክመታቸው አንድ ነው፦ አንገታቸው ከተበላሸ መቀየር አይቻልም።

ስለ አንገት ካነሣን፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሚደረገው ፈተና ይህ ነው። ቀጭኑን ክር በአንድ እጅ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ላይ ተጭነው 7ኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። የስም ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በአንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ብረት በብሩጎላ ወይም በልኩ መክፈቻ ሩብ ዙር ያህል ሲጠብቅ መስተካከል አለበት። ብረቱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም የጎበጠ ከሆነ ግን ጊታሩ የሚገዛው ለመለዋወጫ ብቻ ነው፤ የቁጥሩ ፊደል ምንም ይሁን ምን።

ዋጋ ሲገመት የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ማየት ግድ ነው። በኢንተርኔት መሸጫዎቹ በሪቨርብ፣ በኢቤይና በጃፓኑ ያሁ ጨረታ የተጠናቀቁ ሽያጮች ይታያሉ፤ ያው ሞዴል፣ ያው የቁጥር ተከታታይ የሆኑ አምስት ስድስት ሽያጮች ይዞ እጅግ ውዱንና እጅግ ርካሹን መተው ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ከዚያ መቀነስ ይጀመራል። ቀለሙ እንደ አዲስ የተቀባ ከሆነ ሰብሳቢዎች ከዋጋው ግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ፒክአፑ ተቀይሮ የድሮው በእጅ ከሌለ እኔ ሩብ ያህል አነሣለሁ፤ ብየዳው ሳይነካ የቆየ መሆኑ ከመጀመሪያው ሽቦ ቀለምና ከቆርቆሮው ድፍርስ መልክ ይታወቃል፣ አዲስ ብየዳ ያብረቀርቃል። ለሌላ ብሪጅ (ክሮቹ በገላው በኩል ለሚያርፉበት ብረት) ሲባል የተቦረቦረ እንጨት ወይም ፍሬቱ የተነቀለ አንገት ወደ ኋላ ስለማይመለስ ከተቀየረ ዕቃ ይበልጥ ይጎዳል። የተላጠ ጠርዝና የቀበቶ ጭረት ግን ለጊታሩ ዕድሜ የሚገባ ነው፤ በዚህ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ፍሬቱ አልቆ ከሆነ የማስቀየሪያው ሒሳብ በሙሉ ከዋጋው ላይ ይነሣ።

«የጣት ሰሌዳው የብራዚል ሮዝውድ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ማስረጃ ሳይኖር ለቃሉ መክፈል አይገባም። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተከለለ ስለሆነ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ጣጣ ያመጣል።

ከጃፓን ወደ አዲስ አበባ ለሚያስመጣ ሰው የማጓጓዣውና የቀረጡ ሒሳብ ከጊታሩ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ሌላው አየሩ ነው። እርጥበት በበዛበት አገር አርባ ዓመት የኖረ እንጨት በበጋ ወደ ደረቁ ደጋ ሲመጣ በጥቂቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጣ ብሎ መዳፍን መቧጨር ይጀምራል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ባለሙያ በሞረድ ያለሰልሰዋል። ጊታሩ እንደደረሰ ክሮቹን ትንሽ አላልቶ፣ ሣጥኑን ዘግቶ ሁለት ሳምንት ያህል ማስቀመጥ፣ ማስተካከያ ብረቱንም እስከዚያ ድረስ አለመንካት ይሻላል።