ፈረንጅ አገር ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ አውሮፓ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ ጥያቄና መልስ የማቀርበው እኔ ነኝ። ሽልማቱ አንድ ስክሪብቶ። አንድ ቀን «የስዊዘርላንድ ዋና ከተማ ማን ትባላለች?» ብዬ ጠየቅኩ። ግማሹ ሰልፍ «ጄኔቫ!» ብሎ ጮኸ። «ተሳስታችኋል» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «በርን» አለች። እሷንም «ተሳስተሻል» አልኳት። ካርዴ ላይ የጻፍኩት ዙሪክ ነበራ! ስክሪብቶው ወደ ኪሴ ተመለሰ። ሰልፉ ሲበተን የጂኦግራፊ መምህራችን ጠሩኝና ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው «ልጅቷ ልክ ናት፤ ስክሪብቶዋን ስጣት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ስህተቶችን መልቀም ልማድ ሆነብኝ። ብዙዎቹ ከአንድ ቦታ ነው የሚመነጩት፦ በደንብ የምናውቀውን ስም ለማናውቀውም እናለብሰዋለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ስመ ጥር የሆነችውን ከተማ ዋና ከተማ ማድረግ

ጄኔቫ አፋችን ላይ የቀረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ መርዝ ጋዙ የተናገሩት እዚያ ነው። ዛሬም ዜና በሰማን ቁጥር «ጄኔቫ ላይ በተካሄደው ስብሰባ» ይባላል። የስዊዘርላንድ መንግሥትና ፓርላማ ግን ያሉት በርን ነው። ስዊዞቹ ራሳቸው በርንን «የፌዴራል ከተማ» ነው የሚሏት።

አገሪቱ ካንቶን የሚባሉ 26 ክልሎች አሏት። የምትመራው ደግሞ በሰባት ሰዎች ምክር ቤት ነው። የፕሬዚዳንትነቱ ወንበር በየዓመቱ ከሰባቱ ወደ አንዱ ይዞራል። ስለዚህ «የስዊዘርላንድ ፕሬዚዳንት ማን ይባላል?» የሚል የጥያቄ ካርድ በየጃንዋሪው ይበላሻል። እንዳትጽፉት።

የቱርክም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ሁሉ ኢስታንቡል ስለሚመላለስ ዋና ከተማዋ ኢስታንቡል ትመስለናለች፤ ከ1923 ጀምሮ ግን አንካራ ናት። የኔዘርላንድስ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማዋ አምስተርዳም ናት፤ መንግሥቱ፣ ፓርላማውና ኤምባሲዎቹ ያሉት ግን ሄግ ነው። ሄግን እኛ በ2002 ከዚያ በመጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ እናስታውሳታለን። ጥያቄው «መንግሥቱ የሚቀመጠው የት ነው?» ወይስ «ዋና ከተማዋ ማን ናት?» የሚለውን አስተውሎ መመለስ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሆላንድ የአገሩ ስም አይደለም። አገሩ 12 ክፍለ ግዛቶች አሉት። ሰሜን ሆላንድና ደቡብ ሆላንድ ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቴን ግን «ኔዘርላንድስ» በይ ብዬ አላስጨንቃትም። በጨዋታ ሆላንድ ቢባል ማንም አይጣላም፤ ፎርም ላይ ግን ሌላ ነው።

አራቱን «እንግሊዝ» ብሎ መጠቅለል

አንድ ጊዜ ለሥራ የመጣ ሰው «እንግሊዛዊ ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ «ጎረቤታቸው ነኝ» አለኝ። ስኮትላንዳዊ ነበር።

መንግሥቱ ሙሉ ስሙ የታላቋ ብሪታኒያና የሰሜን አየርላንድ የተባበረ መንግሥት ነው። በውስጡ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አሉ። እንግሊዝና ስኮትላንድ በአንድ ፓርላማ ሥር የተዋሐዱት በ1707 ነው። ስኮትላንዶች በ2014 እንገንጠል አንገንጠል ብለው ድምፅ ሰጥተው፣ 55 በመቶው «እንቆይ» አለ።

ይህን ለማስረዳት ከካርታ ይልቅ ኳስ ይቀለኛል። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አራቱም በየራሳቸው ቡድን ይጫወታሉ። ኦሊምፒክ ላይ ግን በአንድ ባንዲራ ነው የሚሰለፉት። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ያየነው ስዋንሲ ደግሞ ከ2011 እስከ 2018 በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ሲጫወት የኖረ የዌልስ ክለብ ነው። እስቲ ይሄን ጎረቤታችሁን ጠይቁት።

የአየርላንድ ሪፐብሊክ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። ከ1922 ጀምሮ የራሷ መንግሥት አላት። ዋና ከተማዋ ደብሊን፣ ገንዘቧ ዩሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት አባልም ናት። ለደብሊን ሰው «እንግሊዝ አገር እንዴት ነው?» ማለት ሰላምታ አይሆንም።

አውሮፓን፣ ኅብረቱን፣ ሸንገንንና ዩሮን እንደ አንድ ነገር መቁጠር

ይሄኛው ስህተት ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ ያስከፍላል። የአክስቴ ልጅ ሚላን ለአጭር ሥልጠና ተጋበዘች። የሸንገን ቪዛ ተመታላት። ደብሊን የምትኖር እህት አለቻት፤ «አየርላንድም ኅብረቱ ውስጥ ናት፤ በዛው አይቻት እመለሳለሁ» ብላ ትኬት ቆረጠች። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «የአየርላንድ ቪዛሽስ?» አለቻት። የትኬቱ ገንዘብ ሄደ። እህቷ ለዶሮ ወጥ ከትፋ ያዘጋጀችው ሽንኩርት ደብሊን ቀረ።

ነገሩ አራት የተለያዩ ዝርዝሮች መሆናቸው ነው። አውሮፓ አህጉር ነው። የአውሮፓ ኅብረት 27 አባላት ያሉት ማኅበር ነው፤ ብሪታኒያ በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ወጥታለች። ሸንገን ደግሞ በመካከላቸው የፓስፖርት ፍተሻን ያስቀሩ 29 አገሮች ስምምነት ነው። ዩሮ ገንዘብ ነው።

ዝርዝሮቹ አይገጥሙም። አየርላንድ ኅብረቱ ውስጥ ናት፣ ዩሮ ትጠቀማለች፣ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድና አይስላንድ ሸንገን ውስጥ አሉ፣ ኅብረቱ ውስጥ ግን የሉም። ኖርዌይማ በ1972ም በ1994ም ሕዝቧን ጠይቃ ሁለቴም «አንገባም» ብሏል። ዴንማርክ፣ ስዊድንና ፖላንድ ኅብረቱም ሸንገንም ውስጥ ሆነው የራሳቸውን ገንዘብ ይዘዋል። ሞንቴኔግሮ ደግሞ የኅብረቱ አባል ሳትሆን በዩሮ ትገበያያለች። በቃል መያዝ አያስፈልግም። ስለ አንድ አገር ሲወራ «የትኛው ዝርዝር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ቪዛ ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልጨምር። ማመልከቻው የሚገባው ረጅሙን ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። «እዚያኛው ኤምባሲ ይቀላል» ተብሎ የሚሮጥበት ብዙ ጊዜ ለሌላ ጣጣ ይዳርጋል። ሁለተኛ፣ የአጭር ጊዜ ቆይታው በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ 90 ቀን ነው፣ ያውም በሁሉም የሸንገን አገሮች ተደምሮ። ፓሪስ 60 ቀን ተቆይቶ በርሊን ላይ እንደ አዲስ አይቆጠርም።

ኮከቦቹን እንደ አባል አገር መቁጠር

ሰማያዊው ባንዲራ ላይ 12 ኮከቦች አሉ። «የአባላቱ ቁጥር ነው» የሚል መልስ ብዙ ቦታ ሰምቻለሁ። ባንዲራውን በ1955 ያወጣው የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባለው ሌላ ድርጅት ነው፤ ኅብረቱ የወሰደው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አሥራ ሁለት የተባለው ሙሉነትን እንዲያሳይ ነው።

ይህ ምክር ቤት በ1949 የተቋቋመ፣ 46 አባላት ያሉት፣ መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም የሱ ነው። የኅብረቱ ፓርላማም ስትራስቡርግ ስለሚሰበሰብ ጋዜጠኛው ሳይቀር ያደናግራቸዋል።

ፕሬዚዳንት የተባለውን ሁሉ አለቃ ማድረግ

ይህን እንኳ እኛ ልንስት አይገባም ነበር። እኛም አገር ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም አለ፤ ሥልጣኑ የማን እጅ እንዳለ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ጀርመንም እንደዚያው ነው። ርእሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የመንግሥቱን ሥራ የሚመራው መራሔ መንግሥቱ ነው። አንጌላ ሜርክል ከ2005 እስከ 2021 መራሒተ መንግሥት ነበረች እንጂ ፕሬዚዳንት ሆና አታውቅም። ጣሊያን ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በይፋ የሚጠራው «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት» ተብሎ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው ጣሊያንን ባለ ሁለት ፕሬዚዳንት ያደርጋታል። ፈረንሳይ ግን ሌላ ናት፤ እዚያ ፕሬዚዳንቱ እውነተኛ ጉልበት አለው።

ነገሥታቱስ? ስፔን፣ ቤልጂየም፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ሌሎችም ዛሬም ዘውድ አላቸው። ዘውድ ሲባል ግን የኛን የጥንቱን ማሰብ አይደለም። የስዊድን ንጉሥ ጠቅላይ ሚኒስትር እንኳ አይሾምም፤ ዕጩውን ለፓርላማ የሚያቀርበው አፈ ጉባኤው ነው። እኔ ግን የምወዳት አንዶራን ናት። በፈረንሳይና በስፔን መካከል ተራራ ላይ ያለች ትንሽ አገር ስትሆን፣ ሁለት ልዑላን አሏት፦ አንደኛው ስፔን ውስጥ ያለ የኡርጌል ጳጳስ፣ ሁለተኛው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት። ንጉሧን በአብዮት የገደለች አገር መሪ ጎረቤት ሲሻገር ልዑል ይሆናል!

የሞተ አገር መጥራት፣ የሚመሳሰሉትንም ማምታታት

በደርግ ጊዜ ተምረው የተመለሱ አጎቶቻችን «ቼኮዝላቫኪያ ሳለሁ» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ያኔ ነበረች። ዛሬ የለችም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ቼክና ስሎቫኪያ ናቸው። መሪዋ ቲቶ በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ የመጣባት ዩጎዝላቪያም ፈርሳለች። ከእሷ ከወጡት አንዷ ከ2019 ጀምሮ ሰሜን መቄዶንያ ትባላለች፤ ግሪክ «መቄዶንያ የኔ ነው» ብላ ለዓመታት ተከራክራ ነው።

ስሎቫኪያ (ብራቲስላቫ) እና ስሎቬኒያ (ሉብልያና) ሁለት አገር ናቸው። ስዊድንና ስዊዘርላንድም። ቡዳፔስት የሃንጋሪ፣ ቡካሬስት የሩማኒያ። ቪየና የኦስትሪያ ናት፣ ካንጋሮዋ የአውስትራሊያ። «ቤልጂየምኛ» የሚባል ቋንቋም የለም፤ ሰሜኑ ደችኛ፣ ደቡቡ ፈረንሳይኛ፣ ጥቂቱ ጀርመንኛ ይናገራል።

ትልቅነትን በግድግዳ ካርታ መለካት

ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታ ሰሜኑን ይለጥጣል፣ ወገብ አካባቢ ያለውን ያሳንሳል። ስለዚህ አውሮፓ ግዙፍ ትመስላለች። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አውሮፓ ላይ ያለችው ፈረንሳይ ግማሿን ታክላለች። ሁለት ጊዜ የወረረችን ጣሊያን ሦስት ጊዜ ብትደመር እንኳ አትደርስብንም። በሕዝብም ከሩሲያ በቀር የሚበልጠን የአውሮፓ አገር የለም።

«አውሮፓ ላይ ያለችው ፈረንሳይ» ያልኩት አውቄ ነው። ፈረንሳይ ደቡብ አሜሪካም ውስጥ ግዛት አላት፣ ጉያና የሚባል። በዚህ የተነሳ የፈረንሳይ ረጅሙ የየብስ ድንበር ከስፔን ወይም ከቤልጂየም ጋር ሳይሆን ከብራዚል ጋር ነው። ይህንን ጥያቄ ስክሪብቶ ሽልማት አድርጌ ባቀርበው ኖሮ ኪሴ ሙሉ ስክሪብቶ ይቀር ነበር።

ዓመቱን በጭፍን ስምንት መቀነስ

የአውሮፓ ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመጣ የሚሠራ ስህተት ነው። የበርሊን ግንብ የፈረሰው ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ነው። ስምንት ቀንሶ 1981 የሚል አለ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ፣ ትክክሉ ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። የሩሲያ «የጥቅምት አብዮት» ደግሞ በፈረንጆቹ የተካሄደው ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው። ሩሲያ ያኔ 13 ቀን ወደ ኋላ የሚቀረውን የጁሊየስን አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር በሷ ገና ኦክቶበር 25 ነበር።

ሌላው ቢቀር «ፈረንጅ ገናን ዲሴምበር 25 ነው የሚያከብረው» ማለትም አይሠራም። የሩሲያና የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች እንደኛው ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ፣ ታኅሣሥ 29 ማለት ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28። ቤልግሬድ የሚኖር ሐበሻ የገናን ጾም ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ይፈታል።