የለንደኗን ጎልደን ሃይንድ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በለንደን፣ በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከሳውዝዋርክ ካቴድራል አጠገብ ሴይንት ሜሪ ኦቨሪ የሚባል ጠባብ የመርከብ ማቆሚያ አለ። በውስጡ ሦስት ምሰሶ ያላት የሸራ መርከብ በሕንፃዎች ተከብባ ቆማለች። ስሟ ጎልደን ሃይንድ ነው፤ ትርጉሙም «ወርቃማዋ ዋላ» ማለት ሲሆን፣ ዋላዋ በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ ስትናፍቅ የምናውቃት እንስሳ ናት። ወደ ቦሮ ገበያ ከሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋታል። ወደ ውስጥ የሚገቡትም ቢሆኑ ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ።

ዋነኛው ስህተት መርከቧን በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክ ራሱ የተሳፈረባት አድርጎ ማየት ነው። የድሬክ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1577 ከሌሎች አራት መርከቦች ጋር ከፕሊመዝ ስትነሣ ፔሊካን ትባል ነበር። በጉዞ ላይ ሳለች በ1578 ስሟ ተለወጠ፤ ከአምስቱም ዓለምን ዞራ በ1580 የተመለሰችው እርሷ ብቻ ናት። በዓመቱ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዴፕትፎርድ ድረስ ሄዳ በተገኘችበት ድሬክ በዚያችው መርከብ ላይ የ«ሰር» ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም መርከቧ ለሕዝብ መታያ ሆና እዚያው ቆማ ቀረች፤ በመጨረሻም በስብሳ ፈረሰች። ከእንጨቷ የተሠራ ወንበር ዛሬም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

አምሳያ መሆኗን የሚያውቁ ጎብኚዎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ ለቱሪስት ተብሎ የተገጣጠመ ጌጥ ትመስላቸዋለችና ይንቋታል። ይህች መርከብ በ1973 በዴቨን ክፍለ ሀገር፣ አፕልዶር በሚባል ቦታ ወደ ውኃ ከወረደች በኋላ አትላንቲክን ተሻግራ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ተጉዛለች፤ ኋላም እንደ ቀዳሚዋ ዓለምን ዞራለች። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን ሳንቃ እንደ ታሪክ ማስረጃ መቁጠርም አይገባም። የመጀመሪያዋ መርከብ ንድፍ ስላልተገኘ፣ ቅርጿ የተወሰነው ስለ ዘመኑ መርከቦች ከሚታወቀው በመነሣት ነው። ስለዚህ ለአስጎብኚው ሊቀርብ የሚገባው ምርጥ ጥያቄ «ይህ እንዴት ታወቀ?» የሚለው ይመስለኛል።

ከተሳፈሩ በኋላ ብዙዎች ዓይናቸው የሚፈልገው በፊልም የለመዱትን ትልቅ ክብ መሪ ነው። አያገኙትም፤ ያ ዓይነቱ መሪ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ የታየው ከድሬክ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነውና። በቦታው ከወለሉ ሥር ከመርከቧ መቅዘፊያ ጋር የተያያዘ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፋ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት አለ። ይህን እንጨት የሚይዘው መርከበኛ ባሕሩን እንደ ልብ ማየት ስለማይችል፣ ከላይ የቆመው አለቃ እየጮኸ የሚነግረውን ሰምቶ ብቻ ይነዳ ነበር። እንጨቱን ሳያስተውሉ ማለፍ፣ በዚያ ዘመን መርከብ መንዳት የዓይን ብቻ ሳይሆን የጆሮም ሥራ እንደ ነበር ሳይረዱ መውጣት ነው።

ስለ አለባበስ ረጅም ምክር አያስፈልግም። ጣሪያው ዝቅተኛ፣ መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው፤ መድፎቹ ባሉበት ወለል ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሄደ ግንባሩን ይመታል። ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ትልቅ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ እዚህ ችግር እንጂ ጥቅም የላቸውም። ጥበቱን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ በዚህ መጠን ባለች መርከብ ሰማንያ ያህል ሰዎች ለወራት አብረው ይኖሩ ነበር።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ድሬክን ጀግና ብቻ አድርጎ ተቀብሎ መውጣት ነው። እንግሊዞች ያከበሩት ይህ ሰው በስፔኖች ዘንድ የባሕር ወንበዴ ነበር፤ በ1579 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከአንድ የስፔን መርከብ ብቻ ሃያ ስድስት ቶን ገደማ ብር ዘርፏል። ከዚያ ቀደም ሲል በ1560ዎቹ ከዘመዱ ከጆን ሆኪንስ ጋር አፍሪካውያንን እየያዙ በባርነት በሸጡ ጉዞዎች ተካፍሏል። በሌላ በኩል በዓለም ዙሪያ ጉዞው ላይ ዲዬጎ የሚባል አፍሪካዊ አብሮት ነበር። ይህ ሰው በፓናማ ከስፔኖች ባርነት አምልጦ ድሬክን የተቀላቀለ ሲሆን፣ ስፓኒሽ በመቻሉም ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በተለይ ልጆችን ይዘው ለሚሄዱ አበሻ ወላጆች የዲዬጎን ታሪክ አስቀድሞ መንገር ጉብኝቱን ያበለጽገዋል፤ አስጎብኚው ካላነሣውም ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት።

ሳያረጋግጡ መሄድም አለ። መርከቧ የትምህርት ቤት ቡድኖችንና የግል ድግሶችን ስለምታስተናግድ ለሌላ ጎብኚ የምትዘጋባቸው ጊዜያት አሉ፤ ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት የዕለቱን ሰዓት መመልከት ያስፈልጋል። ጎልደን ሃይንድን ከከቲ ሳርክ ጋር አደባልቀው ግሪኒች የሚወርዱም አሉ። ከቲ ሳርክ በ1869 የተሠራች እውነተኛ የሻይ ማመላለሻ መርከብ ናት፤ ለጎልደን ሃይንድ ግን የሚወረደው ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ነው።